መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይወራ፦ በቡድን ሐሳብ የማፍለቅ አሠራር

የኛ ስብሰባ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰብሳቢው አጀንዳውን ያነባል። "መድረኩ ክፍት ነው" ይላል። ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ በዕድሜ ወይም በሥልጣን ከፍ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ይናገራል። ቀጣዩ "ከኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት" ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው "እኔም ሐሳቡን እደግፋለሁ" ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ተናግሯል፤ የተገኘው ሐሳብ ግን አንድ ነው። እሱም ቢሆን ሰብሳቢው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ በር ላይ ሌላ ወሬ ይጀመራል። "እኔ እኮ እንዲህ ቢሆን ብዬ አስቤ ነበር።" ታዲያ ውስጥ ለምን አልተናገርክም? ይሉኝታ ነዋ!

ይህ መመሪያ ያንን የበር ላይ ሐሳብ ወደ ክፍሉ ለማስገባት ነው። ዘዴው ብሬንስቶርሚንግ ይባላል። ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ሲሆን፣ ቢቢዲኦ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ያወጣቸው ሕጎች ዛሬም ይሠራሉ። አንድ ነገር ግን ገልብጣችሁ ብትጀምሩ ይሻላችኋል፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ችግር ይዘን እንሂድ። ጂ ፕላስ 4 የሆነ የኮንዶሚኒየም ብሎክ አለ እንበል። ውሃ በፈረቃ ነው። በሚመጣበት ቀንም ግራውንድና አንደኛ ፎቅ ያሉት ሮቷቸውን፣ በርሜላቸውንና ጄሪካናቸውን ሲሞሉ አራተኛ ፎቅ ጠብታ አይደርስም። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤት፣ የእድር ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ ያላችሁ የራሳችሁን ተክታችሁ አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

በሁለት አጋጣሚ ይህን ነገር ባትሞክሩት ይሻላል። አንደኛው፣ አለቃው ወይም ኮሚቴው ወስኖ ከጨረሰ ነው። ላለቀ ነገር ሐሳብ አምጡ ማለት በሰው ማላገጥ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አፉን አይከፍትም። ሁለተኛው፣ ጥያቄው የባለሙያ መልስ ካለው ነው። ፓምፑ ለምን ተቃጠለ የሚለውን ስምንት ሰው ተቀምጦ አያውቀውም። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ በቃ።

1. ጥያቄውን አስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ጥያቄው ከተበላሸ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል።

"የውሃ ችግር" ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ከጠራችሁት ሰው እሮሮ ይዞ ይመጣል። ወረዳው እንዲህ አለን፣ ኮንትራክተሩ እንዲህ ሠራን እየተባለ ይመሻል። "የብሎካችንን ችግሮች እንዴት እንፍታ?" ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፤ አንዱ ስለ ውሃ፣ አንዱ ስለ ቆሻሻ፣ አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ያወራል። "ትልቅ ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ እንዴት እናዋጣ?" የሚለውም አይሆንም። መልሱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ፓምፕ ይገዛ ብሎ ማን ወሰነ?

ደህና ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ "ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት አራተኛ ፎቅ ያሉ ቤቶችም እንዲያገኙ እኛ ነዋሪዎች ምን ማድረግ እንችላለን?" ችግሩ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ምን እንዲለወጥ እንደምንፈልግም ይታወቃል። መፍትሔው ከኛ እጅ እንዲወጣ ይጠይቃል፤ መንግሥት ምን ያድርግ አይልም።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ጥያቄውን ከስብሰባው ውጪ ላለ ሰው፣ ለጎረቤት ወይም ለልጃችሁ ንገሩ። "የቱን ማለትህ ነው?" ካላችሁ ሰፍቷል። አንድ መልስ ብቻ ከመጣለት ጠቧል። ወዲያው ሦስት የተለያዩ መልሶች ከሰጣችሁ ተስማምቷል።

ከጥያቄው ጋር መረጃ ሰብስቡ። ዘበኛውን ጠይቁት። ውሃው ስንት ሰዓት ይመጣል? ስንት ሰዓት ይሄዳል? ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ 11 ሰዓት ላይ የሚሄድ ከሆነ ይህን ሁሉም ሰው አውቆ መግባት አለበት። አለበለዚያ ግማሹ ሐሳብ ቀን ላይ ለሚመጣ ውሃ ይሆናል። ጥያቄውንና መረጃውን አንድ ገጽ አድርጋችሁ ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ላኩ።

2. ማን ይገኝ?

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ሃያ ሰው ከመጣ አትመልሱ፤ ሦስት ጠረጴዛ ላይ ከፋፍላችሁ ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ይሥሩ።

ችግሩ የሚያመው ሰው ይኑር። ችግሩ የማያመውም ይኑር። አራተኛ ፎቅን ብቻ ከሰበሰባችሁ የሚወጣው ሐሳብ ሁሉ ግራውንድ ያሉትን የሚቀጣ ይሆናል። ግራውንድ ያሉት ደግሞ እነሱ ያልነበሩበትን ነገር አይፈጽሙም። ዘበኛውንና ደረጃ የምታጸዳዋን ሴት አትርሱ። ውሃው ሲመጣ የነቃ ሰው እሱ ነው፤ የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ የምታውቀው እሷ ናት። ስብሰባ ላይ ግን ማንም ጠርቷቸው አያውቅም።

መሪው የኮሚቴው ሊቀመንበር ባይሆን ይመረጣል። እሳቸው ከመሩ ሰው የሚያየው ፊታቸውን ነው። ሰዓት የሚይዝ፣ ካርድ የሚሰበስብ፣ የራሱን ሐሳብ የማይጨምር አንድ ቀልጣፋ ወጣት ይበቃል። ይህን ለሊቀመንበሩ በአደባባይ አትንገሩ። ቀደም ብላችሁ ለብቻቸው፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎም እንደኛ ቁጭ ብለው ይጻፉልን፤ መላላኩን ለልጆቹ ይተዉላቸው" በሏቸው። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። መምራት ያደክማል እኮ።

3. ክፍሉ

ስቲኪ ኖት ካለ መልካም፤ ከሌለ ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቁረጡ። ፕላስተርና ባዶ ግድግዳ ያስፈልጋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ማርከር ስጡ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሁለት ሜትር አይነበብም፤ ቀለሙ ከተለያየ ደግሞ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ስልክ ሳይለንት ይደረግ። ቡናው ከጽሑፉ በኋላ ይቅረብ፤ ስኒ ከመጣ ወሬ ይመጣል። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

4. ሕጎቹን ንገሩ

የኦስቦርን ሕጎች አራት ናቸው። ትችት ለጊዜው ይቆይ። ብዛት ይፈለጋል። ወጣ ያለ ሐሳብ ይበረታታል። የሌላው ሐሳብ ላይ መጨመርና ማዳቀል ይቻላል።

ሦስቱን ሰው ቶሎ ይቀበላቸዋል። የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። "ይሄማ አይሆንም"፣ "ድሮ ሞክረነዋል"፣ "በጀት የለም" የሚሉት ሁሉ ለሚቀጥሉት 40 ደቂቃዎች ክልክል ናቸው። ከንፈር መምጠጥም ትችት ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ አድናቆትንም ማቆየት እንደሚያስፈልግ ነው። አንዱን "በጣም ግሩም ሐሳብ!" ካላችሁት፣ ቀጥሎ ያለው ሰው ለሱ ያ ሳይባልለት ሲቀር የቀረውን ይውጠዋል።

5. በዝምታ ጻፉ

ልገለብጠው ያልኩት ይህን ነው። የተለመደው አሠራር ሁሉም እየተናገረ መጀመር ነው። አትጀምሩ።

"ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" እንላለን። ሐሳብ ማፍለቅ ላይ ግን አብረው የሚያወሩ አራት ሰዎች ተለያይተው ከሚሠሩ አራት ሰዎች ያንሳሉ። በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አራት ሰዎች አብረው ያመጡትን ሐሳብ፣ ለየብቻቸው የሠሩ አራት ሰዎች ካመጡት ጋር አነጻጸረ። ድግግሞሹ ወጥቶ ሲቆጠር ለየብቻ የሠሩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሐሳብ ነበራቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. ሚካኤል ዲልና ቮልፍጋንግ ስትሮበ የተባሉ ተመራማሪዎች ዋናውን ምክንያት አገኙት። ተራ መጠበቅ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሲጠብቅ ሐሳቡን ይረሳል፣ ወይም ቀድመውኝ ብለውታል ብሎ ይተወዋል፣ አዲስ ማሰቡንም ያቆማል።

እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ትልቅ ሰው "ፓምፕ ነው የሚሻለው" ካሉ በኋላ "ፓምፕ አያስፈልግም" የሚል ወጣት ማነው? ወረቀት ላይ ግን ይጽፈዋል። ስም የሌለው ካርድ ማንንም አይዳፈርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰባት ደቂቃ ስጡ። ማንም አይናገር። አንድ ካርድ ላይ አንድ ሐሳብ ይጻፍ። ስም አይጻፍ። ቃል ብቻ ሳይሆን ድርጊት ይጻፍ። "ሮቶ" የሚል ካርድ ማንም አይገባውም፤ "ጣራ ላይ የጋራ ሮቶ አስቀምጠን ሌሊት ይሙላ" ማንም ይገባዋል።

ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ እጆች ይቆማሉ። ሰው ቀና ቀና ማለት ይጀምራል። መሪው እዚህ ላይ እንዳይሸነፍ። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው፤ ፓምፕ፣ ሮቶ፣ አቤቱታ። ለየት ያለው የሚመጣው እነሱ ካለቁ በኋላ ነው። "አራት ደቂቃ ይቀራል፤ እያንዳንዳችን ስምንት ካርድ እንድረስ" ብሎ ዝም ይበል።

መጻፍ የሚከብዳቸው እናትና አባት ካሉ አጠገባቸው ልጅ አስቀምጡ። በጆሮው ይንገሩት፤ ያሉትን እንዳሉት ይጻፍ፤ አያሳምረው። "ሌሊት የሚሞላ ሰው ቆሞ ይጠብቅ፣ ከፍቶ አይተኛ" የምትለዋን የአንዲት እናት ካርድ "የአጠቃቀም ግንዛቤ ማስጨበጥ" ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሐሳቡን ገደለው።

6. ወረቀቱን አዙሩ

መሪው ካርዶቹን ሰብስቦ ይበውዛቸው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ያንብብ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ሳቅ ቢመጣ ይምጣ፤ ማላገጥ እስካልሆነ ድረስ ሳቅ ይጠቅማል።

ከዚያ ሐሳብን በሐሳብ ላይ መቀጠል ነው። ለዚህ በ1968 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቤርንድ ሮርባኽ ያወጣው 6-3-5 የሚባል ዘዴ አለ። ስድስት ሰው በክብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በ5 ደቂቃ 3 ሐሳብ ይጽፋል። ወረቀቱን በስተቀኝ ላለው ይሰጣል። ተቀባዩ ያንን አንብቦ ሌላ 3 ይጨምራል። ስድስት ዙር ሲያልቅ በግማሽ ሰዓት 108 ሐሳብ ይሆናል። ይህ ሒሳቡ ነው፤ ብዙው ድግግሞሽ ቢሆን አይግረማችሁ። ለሠፈር ስብሰባ ሦስት ዙር ይበቃል።

አንድ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሄድ እንይ። የመጀመሪያው፣ "የግራውንዱ ቫልቭ ይዘጋ" ብሎ ጻፈ። ቁጣ ያለበት ነገር ነው፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ሥሩ ላይ፣ "ሁሌ አይዘጋ፤ ውሃ እንደመጣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ለላይኛዎቹ ይሁን" አለ። ሦስተኛው፣ "ቁልፉን ዘበኛው ይያዝ፤ ደመወዙ ላይ ትንሽ ይጨመርለት" አለ። አራተኛው፣ "ቫልቩን ከመክፈቱ በፊት ግሩፕ ላይ 'ተራው ደርሷል' ብሎ ይጻፍልን" አለ። ይህ ከቧንቧው ጠባይ ጋርም ይሄዳል። ታች ብዙ ቧንቧ ተከፍቶ ሳለ ግፊቱ ይወድቃል፣ ውሃውም ወደ ላይ አይወጣም። የታቹ ለጥቂት ጊዜ ሲዘጋ ይወጣል። በአፍ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጠብ አስነስቶ እዚያው ይቀር ነበር።

7. ሲደርቅ ገልብጡት

ሐሳብ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ያኔ ጥያቄውን ገልብጣችሁ ጠይቁ። "ውሃው በምንም ተአምር አራተኛ ፎቅ እንዳይደርስ ምን እናድርግ?"

ሰው በዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ወዲያው ይወርዳል። ግራውንድ ያሉት ቧንቧ ከፍተው ይተኙ። የሚያንጠባጥበው መስመር እንዳይጠገን። ውሃ መምጣቱን የሚያውቅ ሰው ለማንም እንዳይናገር። ሁሉም በርሜል በአንድ ሰዓት ይሞላ። ልብስ አጣቢው ሁሉ ያን ቀን ይጠብ። የቧንቧ መዋጮ የሰበሰበው ሰው ሂሳብ እንዳያሳይ።

ሳቁ ሲያልፍ ዝርዝሩን እያንዳንዱን ገልብጡ። ከፍቶ መተኛት "በርሜል ላይ ተንሳፋፊ መዝጊያ እናድርግ" ይሆናል። አለመናገር የቴሌግራም መልእክት ይሆናል። የልብስ አጠባው ቀን በየፎቁ ይከፋፈላል። የሂሳቡ ነገርም እንደዚሁ። ያቺ ካርድ ቀጥታ ብትጠየቅ ማንም አይጽፋትም ነበር። በቀልድ መልክ ስትመጣ ግን ወጣች። አንዳንድ ጊዜ ዋናው ችግር እሷ ትሆናለች፤ መዋጮ የማይሰበሰበው ሰው ስለማያምን ነው።

ሌላ መንገድ ገንዘቡን መቀያየር ነው። "አንድ ብር ሳናወጣ ምን እናድርግ?" በሉ። ቀጥላችሁ "ገንዘብ ችግር ባይሆንስ?" በሉ። ሁለቱም ጋ ያልታሰበ ነገር ይወጣል።

8. ደርድሩ

አሁን ቡናው ይምጣ። ካርዶቹን የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ። ጃፓናዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ጂሮ ካዋኪታ ከመስክ ሥራው የመጡ ማስታወሻዎችን ለማዋሐድ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ምድቡን ቀድማችሁ አታውጡ። ካርዶቹን እያነበባችሁ አጠጋጉ፤ ስም ኋላ ይሰጠዋል። የትም የማይገባ ካርድ ከተረፈ ብቻውን ይቀመጥ። በግድ አታስገቡት።

9. ምረጡ

ትችት አሁን ይፈቀዳል። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ነጥብ ስጡ። መጀመሪያ የሚመርጣቸውን በራሱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተነስቶ በማርከር ነጥቡን ያድርግ። አንድ በአንድ ከሄደ የፊተኛውን ይከተላል። ትልልቆቹ ብቻ ቆይተው መጨረሻ ላይ ያድርጉ።

ብዙ ነጥብ ያገኙትን ሦስት ወይም አራት ሐሳቦች ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ይጠቅማል? እኛ በአንድ ወር ውስጥ ልንጀምረው እንችላለን? የጣራው ሮቶ በጣም ይጠቅም ይሆናል፤ ግን ገንዘብና የመሐንዲስ አስተያየት ይፈልጋል። ውሃ የሞላ ሮቶ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ 5 ሺህ ሊትር ማለት 5 ቶን ነው። የአንድ ሰዓቱ ፈረቃ ግን ነገ ይጀመራል።

10. እንደከሸፈ አስቡት

ይህን እርምጃ እኔ በጣም እወደዋለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋሪ ክላይን ያመጣው ነው። መሪው እንዲህ ይበል፦ "ስድስት ወር አልፏል። ፈረቃው ፈርሷል። ሁሉም ተጣልቷል። ምን ሆኖ ነው?" ሁሉም ለሦስት ደቂቃ ይጻፍ።

እኛ ሰውየውን ላለማስቀየም እቅዱን አንተችም። እቅዱ ሞቷል ከተባለ ግን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ሁሉም አሟሟቱን ይናገራል። ዘበኛው ተቀየረ። አንድ ሰው ተጨማሪ ቁልፍ አስቀረጸ። ሕፃን ያለበት ቤት ሌሊት ውሃ አጣ። የመጀመሪያው ወር ጭማሪ ተከፈለ፣ ሁለተኛው ተረሳ። እያንዳንዱ አሁን መድኃኒት ይፈለግለት።

ሩቅ ላላችሁ

አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ከሆነ ሐሳቡን ግሩፕ ላይ አታስጽፉ። የመጀመሪያው መልእክት እንደ መጀመሪያው ተናጋሪ ነው። ሁሉም ለአንድ አስተባባሪ በውስጥ ይላክ። እሷ ስም አጥፍታ በአንድ ፋይል ታውጣው። ዙም ላይ የምትገናኙት ለመጨመርና ለመምረጥ ብቻ ነው። ሰዓቱን ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አስታውሱ። "ማታ 3 ሰዓት" ተብሎ ግማሹ ያልመጣበትን ስብሰባ ሁላችንም እናውቃለን።

11. ሥራውን በስም ስጡ

ቃለ ጉባኤ ላይ "ኮሚቴው ይከታተለዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር አይግባ። ኮሚቴ የሚባል ሰው የለም። ቫልቩን የሚያስጠግነው ማነው? እስከ መቼ? ለዘበኛው የሚጨመረውን ማን ይሰበስባል? ሂሳቡን ማን ግሩፕ ላይ ይለጥፋል? አራት ስም፣ አራት ቀን።

ፈረቃውን ለሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ለሙከራ ነው የተባለን ነገር ሰው ቶሎ ይቀበላል፤ ካልሠራም ማንም ፊቱ አይጠቁርም። ግድግዳው ሳይነሳ ፎቶ አንሱት። ያልተመረጡትን ካርዶች ፖስታ ውስጥ ከትታችሁ ለጸሐፊው ስጡ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ አራተኛ ፎቅ ውሃ ካልወጣ አዲስ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ፖስታውን ክፈቱት፤ ብቻዋን የተቀመጠችውን ካርድ አስቀድሙ።